ለዳል በግ አደን የጠመንጃ መነጽር (ስኮፕ)፦ የቱ ይመረጣል? እንዴትስ ይገጠማል?

ታናሽ ወንድሜ በሚያዝያ ከሲያትል ደወለና «ጋሼ፣ እስከ 20 እጥፍ የሚያቀርብ ስኮፕ በቅናሽ አገኘሁ፤ ለበጉ ልግዛው?» አለኝ። «ከመግዛትህ በፊት ጠመንጃህን ከነሙሉ ጓዝህ ተሸክመህ ሦስት ሰዓት ዳገት ውጣና መልሰህ ደውልልኝ» አልኩት። በሳምንቱ ደወለ፤ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። ከዚያ በኋላ በስልክ ያወራነውን ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ አደኑ ትንሽ ልበል፤ መነጽሩን የሚመርጠው አደኑ ነውና። የዳል በግ ነጭ የተራራ በግ ነው። አገሩ አላስካ፣ ዩኮን፣ የካናዳ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስና የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። አላስካ ውስጥ በቹጋች፣ በታልኪትና፣ በራንገል፣ በአላስካ ሬንጅና በብሩክስ ሰንሰለቶች ላይ ይገኛል። በአብዛኛው ቦታ ወቅቱ ከኦገስት 10 እስከ ሴፕቴምበር 20 ነው። በአብዛኛው ቦታ የሚፈቀደውም አውራው ብቻ ነው፤ እሱም ቀንዱ ሙሉ ዙር የዞረ፣ ወይም የሁለቱም ቀንዶቹ ጫፍ የተሰበረ፣ አለዚያም በቀንዱ ዓመታዊ ቀለበቶች ሲቆጠር 8 ዓመት የሞላው ከሆነ ነው። ከአላስካ ውጭ የሚኖር አሜሪካዊ በግ ለማደን ፈቃድ ያለው የአደን መሪ መያዝ አለበት፤ ወይም እዚህ አላስካ ነዋሪ የሆነ፣ 19 ዓመት የሞላው የቅርብ ዘመድ አብሮት መውጣት አለበት። ወንድሜ ዜግነት ስላለው ከእኔ ጋር ይወጣል። ዜግነት ለሌለው እንግዳ ግን የዘመድ ነገር አይሠራም፤ መሪ መቅጠር ግዴታው ነው። ከአገር ቤት ወይም ከአውሮፓ ዘመድ ጋብዛችሁ ለማደን ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ቀድማችሁ አጣሩ።

ከስኮፑ በፊት

ቀንዱ ዞሯል ወይስ ሩብ ይቀረዋል? ቀለበቱ 7 ነው ወይስ 8? ይህን የሚመልሰው ስኮፑ አይደለም፤ በሦስት እግር ላይ የሚቆመው ቴሌስኮፕ ነው። በጉን ከሩቅ ፈልጎ የሚያገኘው ደግሞ በአንገት የሚንጠለጠለው የእጅ መነጽር ነው። ስኮፑ የሚያስፈልገው በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነው፤ የሚተኮሰው አውራ ከታወቀና ርቀቱ ከተለካ በኋላ። በስኮፕ ተራራ መቃኘትም መለመድ የለበትም። ሸንተረሩ ላይ ያለው ነጭ ነገር በግ ሳይሆን ሌላ አዳኝ ቢሆን፣ አፈሙዝ ያነጣጠራችሁት ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ውስን ከሆነ ቅደም ተከተሉ ለእኔ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ጥሩ 10×42 (10 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) የእጅ መነጽር፣ ቀጥሎ ቴሌስኮፑ፣ ከዚያ የተዳፋቱን ማዕዘን የሚያሰላ የሌዘር ርቀት መለኪያ፣ ከዚያ ስኮፕ። ስኮፑ ርካሽ ይሁን ማለቴ አይደለም። ከስኮፕ የምንፈልገው ጥቂት ነገር ነው፤ ያንን ጥቂት ነገር ግን ሳያጎድል መስጠት አለበት። ዛሬ 200 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ላይ የተስተካከለው ኢላማ ከ10 ቀን ዝናብ፣ ከአንድ ውድቀትና ከትንሽ አውሮፕላን መንገጫገጭ በኋላም እዚያው መገኘት አለበት።

አራቱ አማራጮች

ገበያው ላይ ያለውን ሁሉ በአራት ቤተሰብ መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ቋሚ ነው፤ 4 ወይም 6 እጥፍ ብቻ የሚያቀርብ፣ የማይቀያየር። የቀድሞ የበግ አዳኞች ዋነኛ መሣሪያቸው ይህ ነበር። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሚያንስ የሚበላሽበትም መንገድ ያንሳል። 6×42 እስከ 300 ያርድ ድረስ ለበግ የሚበቃ ነው። ዛሬ ግን ምርጫው ጠቧል፤ ጥሩውን ማግኘት ፍለጋ ይጠይቃል።

ሁለተኛው 3–9×40 ወይም 3–10×42 የሚባለው ነው። የስዋሮቭስኪ ዜድ3 3–10×42 ወደ 360 ግራም ይመዝናል፤ የሉፖልድ ቀላል 3–9×40ዎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ጠመንጃው ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ሚዛኑን አያዛባም፣ 3 እጥፍ ላይ ሲሆን የሚታየው ሜዳ ሰፊ ስለሆነ ብድግ ያለውን በግ ወዲያው ያገኛል። የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ምክንያቴን ወረድ ብዬ እናገራለሁ።

ሦስተኛው 3–15 ነው። የቮርቴክስ ሬዘር ኤልኤችቲ 3–15×42 ወደ 540 ግራም፣ የሉፖልድ ቪኤክስ-5ኤችዲ 3–15×44 ወደ 560 ግራም ይሆናሉ። የ180 እና የ200 ግራም ጭማሪ ለጎን ፓራላክስ ማስተካከያ (ዓይን ከመሐል ሲሸሽ ስኮፑ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ከዒላማው ላይ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው)፣ ለሚቆለፍ መዘውር (ማነጣጠሪያውን በጠቅታ የሚያስተካክለው) እና ለተጨማሪ 5 እጥፍ የሚከፈል ነው። እስከ 400 ያርድ በእውነት የተለማመደ ሰው ይህን ቢመርጥ አልከራከረውም። በዚያው ጠመንጃ በሜዳ አገር ሚዳቋ የሚያድን ከሆነ ደግሞ ከእኔ ምርጫ ይህ ይሻለዋል።

አራተኛው ለረጅም ርቀት ውድድር የተሠራው ነው፤ የናይትፎርስ ኤንኤክስ8 2.5–20×50 ዓይነት፣ ወደ 800 ግራም የሚመዝን። ጠንካራና ትክክለኛ ዕቃ ነው፣ ነቀፋ የለኝም። ግን ከሁለተኛው ጋር ያለው ልዩነት 440 ግራም ነው፤ ይህ ከሦስት የደረቀ እራት ጥቅል የማያንስ ክብደት ነው። ክብደቱ ያረፈው ደግሞ ከጠመንጃው በላይ ነው። 3 ኪሎ የማይሞላ የተራራ ጠመንጃ ላይ ሲገጠም ጠመንጃው በትከሻ ላይ ይገለባበጣል፤ ቦርሳ ላይ ሲደገፍም ወደ ጎን መጋደል ይወዳል።

እኛ ዘንድ ከሩቅ መትቶ መጣል የጀግና ምልክት ነው። ምንሽርና ውጅግራ ይዘው በዓይናቸው ብቻ አልመው የሚጥሉ አባቶች ወሬ ሰምተን ነው ያደግነው፣ ፉከራውም ስለ ርቀቱ ነው። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ስናይ ልባችን ይሸፍታል። ተራራ ላይ ግን ርቀትን የሚወስነው ነፋስ ነው። በ.270 ዊንቸስተር (የተለመደ የአደን ጥይት ልክ ነው) 130 ግሬን (8.4 ግራም ገደማ) ጥይት፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ 200 ያርድ ላይ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ይገፋል፤ 400 ያርድ ላይ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። ሸለቆው መሐል ያለው ነፋስ እናንተ ከተኛችሁበት ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፤ 20 እጥፍም ነፋሱን አያሳይም። አውራው አልጋው ላይ ተኝቶ ያመሰኳል፣ ጊዜ አለ። በገደሉ ጀርባ ዞሮ 200 ያርድ መቅረብ ከየትኛውም መዘውር ይበልጣል። 3–10 የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ በ10 እጥፍ አጥርቼ የማላየውን በግ ልተኩስበት አይገባም።

ስለ ፊት ሌንሱ ስፋት አጭር ነገር። ሌንሱን በማቅረቢያው ቁጥር ስናካፍል ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣል፤ 40 ለ10 ሲካፈል 4 ሚሊ ሜትር ነው። ድቅድቅ ውስጥ ብሌናችን ከዚያ በላይ ይከፈታል፤ 50 እና 56 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚፈለገውም ለጨለማ ነው። ወቅቱ ሲከፈት አንኮሬጅ አካባቢ ቀኑ 16 ሰዓት ገደማ ነው፣ በጉም ገላጣ ቦታ ላይ ያለ ነጭ እንስሳ ነው። 40 ወይም 42 ይበቃል። አገር ቤት በአርሲና በባሌ ደጋ አጋዘን ለሚያሳድዱ ባለፈቃድ አዳኞች ግን ሌላ ነገር እመክራለሁ። እዚያ ጉም፣ የአስታ ቁጥቋጦና የኮሶ ጥላ አለ፤ እንስሳው የሚወጣው ሲነጋና ሲመሽ ነው። ለዚያ ሰፋ ያለ ሌንስና ዝቅተኛው ቁጥር 2 ወይም 2.5 የሆነ ይሻላል። (ዋልያ የሚታደን አይደለም፤ የሚታይ ብቻ ነው።)

መስቀሉና መዘውሩ

ጥይት በርቀት ስለሚወርድ ሰው ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል፤ መስቀሉን እንዳለ ይዞ በርቀት ገደብ ውስጥ መተኮስ፣ መስቀሉ ላይ ባሉት ታችኛ ነጥቦች መያዝ፣ ወይም መዘውሩን አዙሮ መሐሉን መያዝ።

የመጀመሪያውን አትናቁት። ያው .270 ጥይት 200 ያርድ ላይ ቢስተካከል፣ 100 ያርድ ላይ ወደ 4 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል፣ 300 ላይ ወደ 16 ይወርዳል፣ 400 ላይ ወደ 48። እስከ 250 ያርድ ድረስ ያለ ምንም ስሌት ደረቱ መሐል ይያዛል፤ 300 ላይ ከፍ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው። እጅ ሲደነዝዝና ትንፋሽ ሲቆራረጥ ቀላል ነገር ዋጋው ትልቅ ነው።

ነጥብ ያለው መስቀል ሲገዛ አንድ ነገር ይታወቅ። በብዙዎቹ የአደን ስኮፖች መስቀሉ ያለው በኋለኛው ገጽ ነው፤ ቁጥሩ ሲቀየር በጉ ይተልቃል፣ መስቀሉ ግን እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ነጥቦቹ ልክ የሚሆኑት በአንድ ቁጥር ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በከፍተኛው ላይ ብቻ ነው። 10 ላይ የተሰላ ነጥብ 5 ላይ ቢያዝ የሚያርመው እጥፍ ነው፤ ጥይቱ በበጉ ጀርባ ላይ ያልፋል። መስቀሉ በፊተኛው ገጽ የሆነ ስኮፕ ይህ ችግር የለበትም፣ ግን በዝቅተኛ ቁጥር መስቀሉ እንደ ሸረሪት ድር ይቀጥንና ጥቁር ድንጋይ ላይ ይጠፋል። ለበግ ኋለኛውን እመርጣለሁ፤ ነጥቦቹን የምጠቀመው ግን ቁጥሩ መጨረሻው ላይ መሆኑን በጣቴ ካረጋገጥኩ በኋላ ነው።

መዘውር ለማዞር የሚፈልግ የሚቆለፈውን ይግዛ። አንድ ዓመት በአልደር ቁጥቋጦ ውስጥ ስሾልክ የማይቆለፍ መዘውር ዞሮብኝ ነበር፤ ማታ ድንኳን ውስጥ ሳየው 12 ጠቅታ ሄዷል። ሩብ ኤምኦኤ (ኤምኦኤ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ነው) የሆነ ጠቅታ 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 12ቱ 300 ሜትር ላይ ሲታሰቡ 26 ሴንቲሜትር። በዚያ ቀን በግ አግኝቼ ቢሆን ቁስለኛ አድርጌ እሰደው ነበር። የማይዞር ክዳን ያለው መዘውር ያረጀ ቢመስልም ተራራ ላይ ጥሩ ወዳጅ ነው።

ኤምኦኤ ወይስ ሌላው የማዕዘን መለኪያ፣ ሚልራድ? የለመዳችሁትን። በሜትር የምታስቡ ከሆነ 0.1 ሚልራድ 100 ሜትር ላይ ልክ 1 ሴንቲሜትር መሆኑ ያቀላል። መስቀሉና መዘውሩ ግን አንድ ቋንቋ ይናገሩ።

ሲገጠም

የሰማኋቸው ብዙ የስኮፕ ስሞታዎች በምርመራ የብሎን ስሞታ ሆነው ተገኝተዋል። ሥራው አንድ ከሰዓት ይፈጃል፣ ቤት ውስጥም ይሠራል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ይታያል፣ ጥይት ከክፍሉ ይወጣል።

ጠመንጃው ላይ የሚታሰረው የስኮፑ መቀመጫ በመጀመሪያ ይገጠማል። የብሎኖቹና የቀዳዳዎቹ ዘይት በአልኮል ይጸዳል፣ በመቀመጫው ብሎኖች ላይ ብቻ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ይደረጋል። ማጥበቂያው በስሜት ሳይሆን ኃይሉን በሚለካ መፍቻ ነው። ስኮፑን ለሚይዘው ላይኛው ቀለበት ብዙ አምራቾች ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ይላሉ፤ አንዳንዱ የተለየ ይላል፣ የራሳችሁ ቀለበት ወረቀት ላይ ያለው ይከበር። ከዚያ ማለፍ ቱቦውን ይጨምቃል፣ ውስጡ ያለውንም ያውካል። ብሎኖቹ በመስቀለኛ ተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ። ቀለበቱ ሌንሱ በርሜሉን እስካልነካ ድረስ የመጨረሻው ዝቅተኛ ይሁን፤ ከፍ ካለ ጉንጭ ሰደፉ ላይ ማረፊያ ያጣል።

ብሎኑ ሳይጠብቅ የዓይን ርቀት ይለካል፣ ይህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ስኮፕ ከዓይን እስከ መነጽሩ 9 ወይም 10 ሴንቲሜትር ይፈልጋል። ቤት ውስጥ በቲሸርት ቆመን ስንለካ ልክ ይመስላል። ተራራ ላይ ግን ወፍራም ጃኬት ለብሰን፣ በደረት ተኝተን፣ ሽቅብ አልመን ነው የምንተኩሰው። በደረት ስንተኛ አንገት ወደፊት ይሄዳል፣ ሽቅብ ስናልም ዓይን ይበልጥ ይጠጋል፣ ቀላል ጠመንጃ ደግሞ ክፉኛ ይረግጣል። ቅንድብ በስኮፕ ጠርዝ የሚቀደደው እንደዚህ ነው። ጃኬታችሁን ልበሱ፣ ምንጣፍ ላይ ተኙ፣ ቦርሳችሁ ላይ ጠመንጃውን ደግፉ፣ ከፍተኛው ቁጥር ላይ አድርጉ። ዓይን ጨፍናችሁ ጉንጫችሁን አሳርፉና ክፈቱ፤ ጥቁር ጥላ ሳይኖር ሙሉው ክብ መታየት አለበት። ከዚያ ስኮፑን አንድ ሴንቲሜትር ወደፊት ግፉት።

ቀጥሎ መስቀሉ ቀጥ ይበል። ከጠመንጃው አካል ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ፈልጋችሁ ውሃ ልክ አስቀምጡ፤ 20 ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ ግንበኛ እንደሚያደርገው ቱንቢ ስቀሉ። ቁሙ የመስቀል ክር ከቱንቢው ገመድ ጋር እስኪገጥም ስኮፑን አሽከርክሩት። ጠመንጃው 5 ዲግሪ ቢጋደል፣ ጥይቱ 100 ሴንቲሜትር ከሚወርድበት ርቀት ላይ 9 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ይሄዳል። ተዳፋት ላይ ደግሞ ዓይን ይታለላል፤ ሸንተረሩ ያጋደለ ስለሆነ ጠመንጃውን ከሸንተረሩ ጋር ማጋደል ተፈጥሯዊ ነው። በቀለበቱና በስኮፑ ቱቦ ላይ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አሳልፉ፤ ስኮፑ ከተንሸራተተ መስመሩ ይሰበራል፣ ዓይታችሁ ታውቃላችሁ።

የኋለኛው የዓይን ማስተካከያ የሚዞረው መስቀሉን ለማጥራት ብቻ ነው። ነጭ ሰማይ ላይ አልማችሁ ለአፍታ ብቻ ተመልከቱ፤ ብዙ ከቆያችሁ ዓይናችሁ ራሱ ያስተካክልና ይዋሻችኋል። ፓራላክስ ማስተካከያ የሌላቸው ስኮፖች ፋብሪካ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በ100 ወይም በ150 ያርድ ተስተካክለው ይመጣሉ፤ ዓይን መሐል ላይ እስከዋለ ድረስ ለ300 ያርድ ችግር የለውም።

የተኩስ ሜዳ ላይ በ25 ያርድ ጀምሩ፣ ወረቀቱን ካገኛችሁ ወደ 100፣ ከዚያ ወደ 200። በሦስት በሦስት ጥይት ተኩሱ፤ በአንድ ጥይት መዘውር አታዙሩ። የመጨረሻው ማረጋገጫ በአደን የምትይዙት ጥይት፣ ከቀዝቃዛ በርሜል፣ ከቦርሳ ላይ ተደግፎ ይሁን። መዘውር የምታዞሩ ከሆነ 20 ጠቅታ ወደ ላይ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ እያደረጋችሁ ተኩሱ፤ መጨረሻው መነሻው ላይ ካላረፈ ስኮፑ ወደ ሻጩ ይመለስ።

ዳገትና ቁልቁለት

ሽቅብም ሆነ ቁልቁል ሲተኮስ ጥይት ከፍ ይመታል። የመሬት ስበት የሚቆጥረው አግድም የተጓዘውን ርቀት ብቻ ስለሆነ ነው። በ30 ዲግሪ ተዳፋት 400 ያርድ የሚለካ በግ ለጥይቱ 346 ያርድ ነው፤ በ45 ዲግሪ 283። በአብዛኛው ሳናስበው የሚያሳስተን ቁልቁል ያለው ነው፣ ምክንያቱም ብልህ አዳኝ በጉን ከላይ ነው የሚቀርበው። ማዕዘን የሚያሰላ የሌዘር መለኪያ መልሱን ራሱ ይሰጣል፤ ባትሪው ሲሞት የሚሠራ ቁጥር ደግሞ ሰደፉ ላይ በፕላስተር ይለጠፍ፤ ለ30 ዲግሪ በ0.87፣ ለ45 ዲግሪ በ0.7 አባዙ።

ከአውሮፕላን ከወረዳችሁ በኋላ

ጠመንጃው በአየር መንገድ የሚጓዘው ባዶ ሆኖ፣ ተመዝግቦ፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን ነው። ከዚያ በሁለት ሰው አውሮፕላን ተጭኖ ጠጠር ላይ ያርፋል። በአላስካ ሕግ በትንሽ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው እስከ ማግስቱ ሌሊት፣ በአገራችን አቆጣጠር 9 ሰዓት ድረስ፣ በግ ማደን አይችልም። ያንን ባዶ ከሰዓት ለስኮፑ ስጡት። ከበጎቹ ሸለቆ ራቅ ባለ ቦታ፣ ድምፅ በተራራ ጀርባ በሚቀርበት፣ በካርቶን ላይ ክብ ሥላችሁ 100 ያርድ ላይ ሁለት ጥይት ተኩሱ። ያው .270 200 ላይ የተስተካከለ ከሆነ ከመሐሉ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መምታት አለበት።

ሁለቱ ተቀራርበው ቦታው ግን ከተቀየረ መዘውሩን አስተካክሉና ሁለት ጨምሩ። ከተበታተኑ መዘውር አትንኩ፤ የጥፍር ቀለሙን መስመር ተመልከቱ፣ ብሎኖቹን ፈትሹ፣ ለዚህ ትንሿ መፍቻ ቦርሳ ውስጥ ትኑር። አጥብቃችሁም ከተበታተነ ስኮፑ ውስጡ ተሰብሯል፤ በዚያ ጠመንጃ በግ ላይ አይተኮስም፣ የጓደኛችሁን ተዋሱ። ማታ ጠመንጃውን ከሞቀው ድንኳን ውጭ፣ በዝናብ መከላከያ ሸፍናችሁ አሳድሩት፤ ከሙቀት ወደ ብርድ ሲወጣና ሲገባ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። በውስጡ ናይትሮጅን ወይም አርጎን ያለው ስኮፕ ከውስጥ አይጎምም፣ ከውጭ ግን የእናንተ ትንፋሽ ይበቃዋል፤ አንድ ደረቅ ጨርቅ በደረት ኪስ ውስጥ ይሁን።

ወንድሜ 3–10×42ቱን ገዛ። ከቅናሹ ስኮፕ የተረፈው ገንዘብ ለቴሌስኮፑ ሄዷል፤ አሁን በየቅዳሜው ሜዳ ላይ ከቦርሳ እየተኮሰ የካርቶኑን ፎቶ ይልክልኛል።